የቪክ ግድግዳዎች፦ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በምን ተረፈች?

የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ በጥንቱ የቤሪ ግዛት፣ ዛሬ አንድር በሚባለው አውራጃ ቪክ በተባለች መንደር ነው። ከሻቶሩ ከተማ ወደ ላ ሻትር የሚወስደው መንገድ በዚያው በኩል ያልፋል። ቪክ ከጎረቤቷ ከኖአን ጋር ተዳብላ ኖአን-ቪክ የምትባል አንዲት ኮሙን ሆናለች፤ ኮሙን በፈረንሳይ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው የመጨረሻው ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው። የነዋሪዎቿ ቁጥር ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያኗም እንደ መንደሯ ናት። ከውጭ ሲያዩዋት ተራ የድንጋይ ግድግዳ፣ ትናንሽ መስኮቶች፣ ዝቅ ያለ ጣራ ነው ያላት። ስለ እሷ ያልሰማ መንገደኛ ቆም ብሎ ለማየት የሚያስገድደው ነገር አያገኝም።

በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በተሣሉ ሥዕሎች መካከል ይቆማል። የሕዝቡን መቆሚያ ከመቅደሱ በሚለየው ግድግዳ ላይ ክርስቶስ በክብር ዙፋኑ ተቀምጦ ሐዋርያት ከበውት ይታያል። ከቅስቱ አልፎ ወደ መሠዊያው ሲቀርቡ ሥዕሉ እየጠበቀ፣ እየበዛ ይሄዳል፤ የሆሣዕናው ጉዞ፣ የመጨረሻው እራት፣ የእግር እጥበቱ፣ የይሁዳ መሳም በየግድግዳው ይከታተላሉ። በአገሪቱ የዚህን ዘመን የግድግዳ ሥዕል በዚህ ስፋት ይዘው የቀሩ የገጠር አጥቢያዎች ጥቂት ናቸው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሥራ ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል በአንዲት መንደር ውስጥ እንዴት ሊቆይ ቻለ? የተለመደው መልስ በአንድ በኩል ጥሩ ግንበኛን፣ በሌላ በኩል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅርስ መመዝገብ የጀመረውን መንግሥት ያመሰግናል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን አይበቁም። ከቪክ የተሻለ ግንብ የነበራቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰዋል፤ መዝገብ ላይ የሰፈሩም ተጎድተዋል። የቪክን ታሪክ ከሥሩ ሲመረምሩት ጎልቶ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በየዘመኑ የጣራዋን ዕዳ የሚሸከም፣ በስም የሚታወቅ ባለቤት አላጣችም፤ ያም ባለቤት በአብዛኛው ሩቅ ያለ ኃያል ሳይሆን የመንደሩ ሕዝብ ራሱ ነበር።

ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት የፈረንሳይ ገጠር በድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት ተሞላ። የቡርጎኙ መነኩሴ ራውል ግላበር የዚህን ግንባታ መጀመሪያ በዓይኑ አይቶ በታሪክ መጽሐፉ መዝግቦታል። የእርሻው ምርት አደገ፣ ሕዝቡ በዛ፣ መንደሮች በአንድ ቦታ ረጉ፤ የረጋ መንደር ደግሞ ልጆቹን የሚያስጠምቅበትና ሙታኑን የሚቀብርበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያን የመሳፍንት ንብረት ነበር። ባላባቱ ቄሱን ይሾማል፣ ከአሥራቱም ድርሻ ይወስዳል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው የቤተ ክህነት ተሐድሶ ይህን አጥብቆ ሲነቅፍ፣ መሳፍንቱ ይዞታቸውን ለገዳማት መስጠት ጀመሩ። ቪክም በደኦል ገዳም ሥር ከነበሩት አጥቢያዎች አንዷ ነበረች።

ደኦል በ917 በቤሪው ባላባት በኤብ የተመሠረተ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ሲሆን በግዛቱ ከእሱ የሚተካከል አልነበረም። በዚያች ትንሽ መንደር እንዲህ ያለ ሰፊ የሥዕል ሥራ መሠራቱም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ሠዓሊውንና ረዳቶቹን ማምጣት፣ መቀለብ፣ የሚሣለውንም በሊቃውንት ምክር መወሰን ለመንደር ገበሬ ብቻውን የሚቻል አይደለም። የሥዕሎቹ ምርጫ በቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ የበሰለ ሰው እንደመራቸው ይመሰክራል። ለዚህም አንዱ ሥዕል ይበቃል።

ይህ ሥዕል የነቢዩ ኢሳይያስ ነው። ሱራፌል ከመሠዊያው በጉጠት የወሰደውን ፍም ወደ ነቢዩ ከንፈር ያቀርባል። ታሪኩን የአማርኛ አንባቢ ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ያውቀዋል፤ በፈረንሳይ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ግን እምብዛም የማይገኝ ነው። በቪክ የተሣለው መሠዊያው ባለበት ክፍል፣ የመጨረሻው እራትና የእግር እጥበቱ ካሉበት ሳይርቅ ነው። እዚያ ቆሞ የሚቀድሰው ካህን ሥጋ ወደሙን ከመንካቱ በፊት፣ ቃሉንም ከመናገሩ በፊት መንጻት እንዳለበት ግድግዳው ያሳስበዋል። በዚህ በኩል ሥዕሉ ከሕዝቡ ይልቅ ለአገልጋዩ የተሣለ ትምህርት ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማንበብ ለማይችል ገበሬ ብቻ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር የሚለው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አባባል በቪክ አይሠራም።

ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው ደግሞ የቅዱስ ማርቲን ታሪክ ነው። ማርቲን የቱር ጳጳስ ነበር፤ በ397 ካንድ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር አረፈ። የቱሩ ጎርጎርዮስ እንደሚተርከው፣ የቱር ሰዎችና የፑዋትዬ ሰዎች በአስከሬኑ ላይ ተጣሉ። አንዱ ወገን መነኩሴ ሆኖ የኖረው እኛ ዘንድ ነው ሲል፣ ሌላው ጳጳስ ሆኖ ያገለገለው እኛን ነው አለ። ሌሊት የፑዋትዬ ጠባቂዎች እንቅልፍ ሲወስዳቸው የቱሮቹ አስከሬኑን በመስኮት አውጥተው በጀልባ ጭነው ወሰዱት። የቪክ ሠዓሊም ይህን ከመቅደሱ ሥዕሎች ጋር አብሮ ሣለው። አንድ ሕዝብ ቅዱስ የሚለውን ነገር የራሱ ለማድረግ ምን ያህል እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥዕል በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የለም። የመንደሩ ሰው በየዓመቱ የማርቲንን በዓል ሲያከብር ይህን እያየ ነበር።

የአሣሣሉ ዘዴም ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሠዓሊው ግድግዳው በኖራና በአሸዋ ከተለሰነ በኋላ ልስኑ ሳይደርቅ ንድፉን ያወጣል፣ ዋናውንም ቀለም ይቀባል። ኖራው ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቀለሙንም በውስጡ ይዞ ያስቀረዋል። ቀለሞቹ ቀላል ናቸው። ቀይና ቢጫ አፈር፣ የኖራ ነጭ፣ የከሰል ጥቁር ዋናዎቹ ናቸው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተጨመረው ማጠናቀቂያ፣ ማለትም ጥላውና ብርሃኑ፣ ቶሎ ስለሚረግፍ የዛሬ ተመልካች የሚያየው በብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ጠንካራ ንድፍ ነው። እንዲያም ሆኖ የቪክ ሥዕል እጅግ ሕያው ነው። ራሶቹ ትልልቅ፣ ዓይኖቹ የፈጠጡ፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ልብሶቹ ነፋስ እንደመታቸው ይዞራሉ፤ አንድም ሰው ዝም ብሎ የቆመ አይመስልም። ይሁዳ ጌታን በሚስምበት ሥዕል ላይ ይህ መወራጨት ወደ ፍርሃት ይለወጣል። ይህ ሠዓሊ ስሙን አልተወም፤ ይሁን እንጂ በጊዜው በነበረው የአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ከታላላቆቹ ጎን መቆም የሚገባው ነው።

ሥዕሉ በተሠራ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ በኖራ ተሸፈነ። ይህ በፈረንሳይ ገጠር የተለመደ ነበር። ከትሬንት ጉባኤ (1545–1563) በኋላ ቤተ ክህነት ሥርዓት ያለውና ንጹሕ የሆነ የአምልኮ ቦታ ፈለገች። በሽታ በገባ ጊዜም ግድግዳን በኖራ መቀባት እንደ ማጽጃ ይቆጠር ነበር። የደበዘዘና የተላላጠ አሮጌ ሥዕል ለዚያ ዘመን ሰው ቅርስ አልነበረም፤ እርጅናና ጉስቁልና ነበር። ግድግዳውን ነጭ ያደረገው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ያከበረ መስሎት ነው፤ እንደ አጥፊ ሊፈረድበት አይገባም። ውጤቱም በተቃራኒው ሆነ። ኖራ በኖራ ላይ ሲቀባ ሥዕሉን ከጢስ፣ ከብርሃንና ከእጅ ንክኪ ሸሸገው። በሀብታም አጥቢያዎች አሮጌው ልስን እየተነቀለ አዲስ ሥዕልና የእንጨት ጌጥ ይተካ ነበር። እንደ ቪክ ያለ አጥቢያ የሚቀባው ኖራ ብቻ ነበረው።

በዚህ ሁሉ ዘመን የሕንፃው ወጪ በማን ላይ ነበር? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ የሕግ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በፈረንሳይ ሥር በሰደደው ልማድ መሠረት መቅደሱን የማደስ ግዴታ የአሥራቱ ተቀባይ ነው፤ የሕዝቡን መቆሚያ የማደስ ግዴታ ግን የአጥቢያው ነዋሪዎች ነው። የ1695 ንጉሣዊ አዋጅም ይህንኑ አጸናው። በየአጥቢያው ከምእመናን የተመረጡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ገቢና ወጪ ይይዙ ነበር፤ የጣራ ክዳን፣ የደወል ገመድ፣ የሻማ ሰም የእነሱ ጉዳይ ነው። ይህ ማለት ገበሬው ቤተ ክርስቲያኑን በጸሎት ብቻ ሳይሆን በኪሱም ያውቀው ነበር። ለብዙ ትውልድ የተገነባው ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ከመጣው ማዕበል ሁሉ የበረታ ሆኖ ተገኘ።

ማዕበሉ የመጣው በ1789 ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር 2 ቀን የፈረንሳይ አብዮት ጉባኤ የቤተ ክህነትን ንብረት በሙሉ ለሀገሪቱ አዋለው። የገዳማት ሕንፃ እየተጫረተ ተሸጠ፤ ገዢዎቹ ብዙዎቹ ድንጋይ ነጋዴዎች ነበሩ። በምዕራብ ክርስትና ከሁሉ የሚገዝፍ የነበረው የክሉኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ከ1798 ጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ ተሸጠ፤ ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። የቪክ የቀድሞ ጌታ ደኦል ይህን ቀን እንኳ አልጠበቀም። በ1622 በኮንዴው ልዑል ጥረት ገዳምነቱ ተሽሮ ሕንፃው እየፈረሰ ሄደ፤ ከዚያ ሁሉ ግዝፈት የደወል ማማው ለብቻው ቆሞ ቀርቷል።

የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ዕጣ ግን የተለየ ነበር። እነሱም ተዘግተዋል፣ ተዘርፈዋል፤ በ1793 በየአጥቢያው ከአንድ ደወል በቀር ሌላው ለመድፍ ማቅለጫ እንዲወሰድ ታዝዟል። ሆኖም ብዙዎቹ አልፈረሱም። ገዳም ሲዘጋ መነኮሳቱ ይበተናሉ፣ ሕንፃው ያለ ሰው ይቀራል። አጥቢያ ሲዘጋ ግን ሕዝቡ እዚያው ነው። ሙታኑ በአጥሩ ውስጥ ተቀብረዋል፣ ደወሉ የመንደሩ ሰዓት ነው፣ ጣራውን የሠራው አባቱ ነው። በ1801 መንግሥት ከሮም ጋር ያደረገው ስምምነት አምልኮን ሲመልስ ሕዝቡ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የደኦልን ማማና የቪክን ግድግዳ ጎን ለጎን ያየ ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም ይረዳል። የገዳሙ ኃይል ከሥርዓቱ ጋር አለፈ፤ የመንደሩ ችግረኛ ይዞታ ቀረ።

ሥዕሎቹ ዳግም የታዩት በ1849 ነው። የመንደሩ ቄስ የነበሩት አባ ፔሪጎ ከኖራው ሥር ቀለም ማየታቸውን ተከትለው ግድግዳውን መግለጥ ጀመሩ። እዚያው አቅራቢያ፣ ኖአን ውስጥ፣ ደራሲዋ ዦርዥ ሳንድ ትኖር ነበር። የ1848 አብዮት ያመጣላት ተስፋ ከተሰበረ በኋላ ከፓሪስ ርቃ ወደ ገጠር ቤቷ ተመልሳ ነበር። ነገሩ ለፕሮስፔር ሜሪሜ እንዲደርስ ያደረገችውም እሷ ናት። ሜሪሜ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በካርመን ደራሲነቱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ከ1834 ጀምሮ የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ፈረንሳይን በሠረገላ ሲያዳርስ የኖረ ሹም ነበር። ቤተ ክርስቲያኗም ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባች።

እዚህ ላይ ዕድል ሥራውን መሥራቱ አይካድም። በአካባቢው እንደ ሳንድ ያለ ስመ ጥር ሰው ባይኖር ዜናው ፓሪስ ላይደርስ ይችል ነበር። የጊዜው መመቻቸትም አለ። ሜሪሜ በፑዋቱ የሚገኘውን የሳን ሳቫን ገዳም የግድግዳ ሥዕሎች ለማዳን ብዙ ደክሟል፤ በ1845ም ስለ እነሱ ሰፊ ጥናት አሳትሟል። ስለዚህ የቪክ ዜና ሲደርሰው ምን እንደሆነ ለመረዳት የሚያስፈልገው እውቀት በእጁ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ቢገኙ ኖሮ እንደ አሮጌ ቅብ ተፍቀው ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሳንድም ሆነ የሜሪሜ ድርሻ የጀመረው አንድ ቄስ በግድግዳው ፊት ቆም ካለ በኋላ ነው። ኖራውን ፍቆ አዲስ መቀባት ይቀለው ነበር፤ አላደረገውም።

የመንግሥት ጥበቃ ራሱ ገና ጨቅላ ነበር። የዋና ተቆጣጣሪነቱ ሹመት የተፈጠረው በ1830፣ የታሪካዊ ሐውልቶች ኮሚሽን የተቋቋመው በ1837 ሲሆን የ1840ው የመጀመሪያ ዝርዝር ወደ 1,000 የሚጠጉ ሐውልቶችን የያዘ ነበር። ገንዘቡ ለታላላቆቹ እንኳ አይበቃም። የሕግ ጉልበት ያገኘው ቆይቶ በ1887 ነው፤ ዛሬ ላለው ሥርዓት መሠረት የሆነው ሕግ ደግሞ በታኅሣሥ 31 ቀን 1913 ወጣ። መዝገቡ ለባለሙያ በር ከፈተ፣ ያለ ፈቃድ ማፍረስንና መለወጥን ከለከለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዝናብ ማፍሰሻውን ከቅጠል የሚያጸዳ ሰው ግን ከፓሪስ አይመጣም።

ስለ ፈረንሳይ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሲነገር ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ታኅሣሥ 9 ቀን 1905 ነው። በዚያ ቀን የወጣው ሕግ ሃይማኖትን ከመንግሥት ለየ። የሕጉ አርቃቂዎች ሐሳብ አብያተ ክርስቲያናቱን ምእመናን በሚያቋቁሟቸው ማኅበራት እጅ ማድረግ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ግን ማኅበራቱ የጳጳሳትን ሥልጣን ይሽራሉ ብለው በ1906 ከለከሏቸው። ተቀባይ ሲጠፋ ንብረቱ የት ይግባ? በጥር 1907 የወጣው ሕግ ሕንፃዎቹ ለካህናቱና ለምእመናኑ አገልግሎት ክፍት ሆነው እንዲቀጥሉ አደረገ፤ የሚያዝያ 1908ቱ ደግሞ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን ባለቤትነት ለየኮሙኖቹ አረጋገጠ፣ ለእድሳታቸውም ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቀደላቸው። ካቴድራሎቹ ለመንግሥት ቀሩ።

ይህ አደረጃጀት ማንም አስቀድሞ ያላቀደው ነው፤ ከሁለት ወገኖች ግትርነት መካከል የተወለደ ነው። ውጤቱ ግን ከዕቅድ ሁሉ የተሻለ ሆነ። ጸሎቱ የቤተ ክህነት፣ ግድግዳው የመንደሩ ሆነ። ሃይማኖት የሌለው ነዋሪም በቤተ ክርስቲያኑ ላይ እኩል ባለቤት ነው፤ ለጣራው የሚከፈለው ከእሱም ግብር ነው። ከ1695ቱ አዋጅ ጋር ሲያስተያዩት አሮጌው የነዋሪዎች ግዴታ በአዲስ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። በ1921 የሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሞንሴጉር በምትባል ኮሙን ጉዳይ ይህን ግንኙነት ይበልጥ ግልጽ አደረገው። የክሱ መነሻ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጸበል ማስቀመጫው ወድቆበት የተጎዳ ልጅ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ከመለያየቱ በኋላ እንኳ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ላይ የሚሠራ ሥራ የሕዝብ ሥራ መሆኑን ወሰነ።

የሥርዓቱን ድክመት በጊዜው አይቶ የጮኸ ሰውም ነበር። ደራሲውና የፓርላማ አባሉ ሞሪስ ባሬስ ከ1910 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ያልተመዘገቡ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በጥላቻም ሆነ በግዴለሽነት እየፈረሱ መሆኑን ተናገረ፤ በ1914ም ሙግቱን በመጽሐፍ አወጣው። የ1908ቱ ሕግ ኮሙኑ እንዲያድስ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። አንድ ምክር ቤት ጣራው እስኪወድቅ ዝም ማለት ይችላል፤ ከወደቀ በኋላም ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ያፈርሰዋል። ይህ ክፍተት እስከ ዛሬ አልተደፈነም።

ባለቤትነት የመንደሩ ባይሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሩሲዮን መሄድ ያስፈልጋል። በኢል ሱር ቴት አቅራቢያ ያለችው የካዜኖቭ ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቪክ በጥንታዊ ሥዕል የተዋበች ነበረች። የምትለየው የግል ንብረት በመሆኗ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከባለ ድርሻዎቹ ከፊሎቹ የሌሎቹን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሥዕሎቹን ለቅርስ ነጋዴ ሸጡ። ሥዕሎቹ ከግድግዳው ተላጡ፣ በጨርቅ ላይ ተለጠፉ፣ ድንበር ተሻግረው ስዊዘርላንድ ገቡ። ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከግድግዳ የተላጠ ሥዕል አሁንም የሕንፃው አካል ነው ወይስ ተንቀሳቃሽ ዕቃ? በሚያዝያ 1988 የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት ሥዕሎቹ ከተላጡ በኋላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሆነዋል ሲል ወሰነ፤ በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ከፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ወጣ። በጄኔቫ የነበሩት ወደ ኢል ሱር ቴት የተመለሱት ከስምምነት በኋላ በ1997 ነው።

ከቪክ ጋር ሲነጻጸር ትምህርቱ ከባድ ነው። ሁለቱም ትናንሽ ናቸው፣ ሁለቱም ድሃ፣ ሁለቱም በሥዕል የበለጸጉ። በቪክ ሥዕሉን መሸጥ የሚችል አንድም ግለሰብ የለም፤ በካዜኖቭ ግን ነበረ። የኮሙን ንብረት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ እስካገለገለ ድረስ አይሸጥም። ለሥዕሉ ከመዝገቡ በላይ የጠቀመው ይህ ነው።

ባለቤትነት ያለ አቅም ግን ሸክም ነው። በፈረንሳይ ወደ 42,000 የሚደርሱ የካቶሊክ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሲኖሩ ወደ 40,000 ያህሉ የኮሙኖች ናቸው። ከሀገሪቱ 35,000 ያህል ኮሙኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ያነሰ ነዋሪ አላቸው። ለእንዲህ ያለ መንደር የአንድ ጣራ እድሳት ከዓመት በጀቱ ሊበልጥ ይችላል። በ2022 የቀረበ የሴኔት ሪፖርት እስከ 2030 ባለው ጊዜ ከ2,500 እስከ 5,000 የሚደርሱ የአምልኮ ሕንፃዎች ለመተው፣ ለመሸጥ ወይም ለመፍረስ አደጋ መጋለጣቸውን አስታውቋል። በአንድ ቄስ ሥር ብዙ አጥቢያዎች ስለተጠቃለሉ በብዙ መንደር ቅዳሴ የሚደረገው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። በሩ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሚያፈስበትን ቦታ የሚያይለት የለም።

የግድግዳ ሥዕል ጠላቱ ውሃ ነው። ከመሬት በድንጋዩ በኩል ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ከልስኑ ገጽ በታች ይረጋና ቀለሙን ከውስጥ እየገፋ ያረግፈዋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በቅን ልቦና በሲሚንቶ ተለስነዋል። አሮጌ ግድግዳ በኖራ ልስን በኩል ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲዘጋው እርጥበቱ በውስጥ በኩል፣ ሥዕሉ ባለበት ወገን መውጫ ይፈልጋል። በክረምት ለአንድ ቅዳሴ ብሎ በድንገት ማሞቅም ያው ነው፤ ሞቃቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። እነዚህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከክዳኑ የወደቀ አንድ ጡብ በጊዜው መመለስ፣ የግድግዳውን ሥር ከአፈር ክምር ማላቀቅ፣ በሩን በደረቅ ቀን ከፍቶ ማናፈስ ነው። ይህን የሚያደርገው ቁልፉን የያዘው የመንደር ሰው ነው።

ባለፉት ዓመታት ለዚህ ድጋፍ የሚሆኑ መንገዶች ተከፍተዋል። በ1996 ሕግ የተቋቋመው የቅርስ ፋውንዴሽን ከሕዝብ መዋጮ ይሰበስባል፤ ከ2018 ጀምሮ ለቅርስ የሚውል ሎተሪ አለ፤ በ2023ም ከ10,000 ያነሰ ነዋሪ ላላቸው ኮሙኖች የሃይማኖት ሕንፃዎች የሚሰጥ መዋጮ ከፍ ያለ የግብር ቅናሽ እንዲያስገኝ ተደርጓል። መልካም ጅምር ነው። ግን የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ወደ ታላቅ እድሳት ያደላል፤ ፎቶግራፍ የሚነሣውም እሱ ነው። የቪክን ታሪክ በቅጡ ያነበበ ሹም ገንዘቡን ቀድሞ የሚመድበው ለዓመታዊው ጥቃቅን ጥገና ነው፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኗን በየመቶ ዓመቱ አንድ ጊዜ የመጣ አዳኝ ብቻውን አላቆማትም። ኖአን-ቪክን የመሰሉ ኮሙኖች ሁሉ ይህን ሸክም መሸከም የሚችሉበት ቋሚ የጥገና በጀት ሊኖራቸው ይገባል። እስከዚያው የሱራፌልና የኢሳይያስ ሥዕል ያለበት ግድግዳ፣ ከላዩ ያለውም ጣራ፣ ጥቂት መቶ ነዋሪ ባላት መንደር ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ነው።